መሪውን የያዘው ማን ነው? ስለ ሄሊኮፕተር የበረራ ትምህርት አደጋና ስለ ሙያችን

(በአንጋጫ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)




የስብሰባው አዘጋጆች ስለ ሙያ ሥልጠና አንድ ንግግር እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ውኃ ሥራ የምናገር መስሏቸው እንደ ነበረ እገምታለሁ። እኔ ግን ስለ ሄሊኮፕተር፣ ይልቁንም ሄሊኮፕተር ማብረር በሚማሩ ሰዎች ላይ ስለሚደርሰው አደጋ ለመናገር መርጫለሁ። አብራሪ አይደለሁም፤ የመካኒክ መሐንዲስ ነኝ። ስለ ሆነም የምናገረው ከመሪው ጀርባ ተቀምጦ እንዳየ ሰው ሳይሆን፣ የአደጋ ምርመራዎችን እንደ ባለሙያ እንዳነበበ ሰው ነው።

ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ዛሬ የተሰበሰብንባት ምድር ከፍታዋ ራሱ ስለ ሄሊኮፕተር የምታስተምረን ነገር ስላላት ነው። ሁለተኛው ምክንያት የግሌ ነው፤ እርሱን ወደ ንግግሬ መጨረሻ ላይ እገልጸዋለሁ። እስከዚያው ድረስ በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

ሀ. ሄሊኮፕተርና የደጋው አየር

ሄሊኮፕተር በሚሽከረከር ክንፍ አየርን ወደ ታች እየወረወረ ራሱን ወደ ላይ የሚገፋ መኪና ነው። ኢጎር ሲኮርስኪ ቪ ኤስ 300 የተባለውን መኪናውን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 1939 በገመድ እንደ ታሰረ ከመሬት አነሣው፤ ሜይ 13 ቀን 1940 ደግሞ ያለ ገመድ አበረረው። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ፣ ክንፉና መሪው እጅግ ተሻሽለዋል፤ የሥራው ሕግ ግን አልተለወጠም። አየሩ ከሳሳ ክንፉ የሚወረውረው ነገር ያንሰዋል፤ የሚወረውረው ካነሰው ደግሞ ያንኑ ክብደት ለመሸከም የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ ጉልበት ያስፈልገዋል።

ይህን በቁጥር እንመልከት። ለምሳሌ የምወስደው ሮቢንሰን አር 22 የተባለውን ባለ ሁለት መቀመጫ ሄሊኮፕተር ነው፤ ይህ መኪና በዓለም ላይ ባሉ አያሌ የበረራ ትምህርት ቤቶች ለጀማሪዎች የሚሰጥ ነው። ከነሙሉ ጭነቱ 622 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ክንፉ ሲሽከረከር የሚያዞረው ክብ 7.67 ሜትር ወርድ አለው። በባሕር ጠረፍ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። አንጋጫ ግን 2300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በበጋ ቀትር ሙቀቱ 24 ዲግሪ ሲደርስ፣ እዚህ ከደጅ ያለው አንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደቱ ወደ 0.90 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ይህም ማለት ከባሕር ጠረፉ አየር ከመቶ 27 እጅ ያህል ይጎድላል ማለት ነው።

በዓለም አቀፉ የመደበኛ አየር ሠንጠረዥ ይህን ያህል ስስ አየር የሚገኘው በ3100 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እነሆ፣ ከዚህ የምናየው የሐምበሪቾ ተራራ ራሱ ከ3000 ሜትር የሚያልፈው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ በአንጋጫ ሜዳ ላይ በቀትር የቆመ ሄሊኮፕተር፣ ካርታው ምንም ቢል፣ በሐምበሪቾ ጫፍ ላይ እንደ ቆመ ሆኖ ነው የሚሠራው። ጠዋት በብርዱ የተነሣ አብራሪ ከሰዓት በኋላ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ጭነት መነሣት ቢያቅተው ሊደንቀው አይገባም፤ ሜዳው ከሥሩ ከፍ ብሏልና።

ይኸው መኪና ሳይንቀሳቀስ በአየር ላይ ለመቆም፣ የክንፉ መጎተትና ሌላው ብክነት ሳይታሰብ፣ በባሕር ጠረፍ 60 የፈረስ ጉልበት ያህል ይፈልጋል። በአንጋጫ ቀትር ግን ወደ 70 ይደርሳል። በሌላ በኩል ያለ መጭመቂያ አየር የሚስብ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ከአየሩ ጋር አብሮ ይቀንሳል። ፍላጎቱ ሲያድግ አቅሙ ይወርዳል። ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት ቦታ ላይ አብራሪው ለስሕተቱ የሚያወጣው ምንም ቁጠባ የለውም።

እርግጥ ነው፣ የተርባይን ሞተር ከመጣ በኋላ ሄሊኮፕተር ከደጋው አየር ጋር ተስማምቷል። ፈረንሳዊው ዣን ቡሌ እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 1972 ላማ በተባለ ሄሊኮፕተር እስከ 12442 ሜትር ወጥቷል። እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 2005 ደግሞ ዲዲዬ ዴልሳል በኤቨረስት ጫፍ ላይ አርፏል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሥራ ሚሲዮን ቀያሾቹን ወደ ተራሮች ጫፍ ያደርስ የነበረው በሄሊኮፕተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የፖላንድ ሚ 8 ሄሊኮፕተሮች ወደ ደጋው ገብተው፣ የእንግሊዝና የጀርመን አውሮፕላኖች እህል የሚጥሉባቸውን ሜዳዎች የሚያዘጋጁ ሰዎችን አድርሰዋል። ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ካርታና በዚያ ዘመን ለተራበው ወገናችን የደረሰው እህል፣ በከፊል የእነዚህ በረራዎች ፍሬ ናቸው።

የቡሌ ታሪክ አንድ ተጨማሪ ነገር አለው። ከፍታውን ካስመዘገበ በኋላ ሞተሩ ጠፋበት፤ እንደገናም አልነሣ አለው። ሆኖም በደኅና ወረደ። ሞተሩ የጠፋ ሄሊኮፕተር እንደ ድንጋይ የሚወድቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። አብራሪው የክንፎቹን ዝንባሌ ወዲያውኑ ዝቅ ካደረገ፣ ከታች ወደ ላይ የሚነፍሰው አየር ክንፉን እንደ ነፋስ ወፍጮ ማሽከርከሩን ይቀጥላል፤ በመጨረሻ ከመሬት አጠገብ ያን የተጠራቀመ ሽክርክሪት በማውጣት በቀስታ ያርፋል። ቁልፉ «ወዲያውኑ» የሚለው ቃል ነው። የክንፉ የመሸከም ኃይል ከሽክርክሪቱ ፍጥነት ካሬ ጋር ይሄዳል፤ ፍጥነቱ ከመቶ 10 እጅ ብቻ ቢቀንስ፣ የመሸከም አቅሙ ከመቶ 19 እጅ ይቀንሳል። ቀላል ክንፍ ባለው ትንሽ የትምህርት ሄሊኮፕተር ሞተር ሲጠፋ ለዚህ ውሳኔ የሚሰጠው ጊዜ ከሁለት ሴኮንድ አይበልጥም።

ለ. ከሪችመንድ የተገኘው ድምፅ

እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 1992፣ በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 22 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ በካሊፎርኒያ ሪችመንድ በተባለች ከተማ አቅራቢያ አንድ አር 22 ሄሊኮፕተር አስተማሪና ሠልጣኝ ይዞ በረራ ላይ ነበር። ሠልጣኙ ትምህርቱን በትንሽ የድምፅ መቅጃ ይቀዳ ነበር። ይህን የሚያደርግ ተማሪ ምን ዓይነት ተማሪ እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን፤ ከክፍል ሲወጣ ደብተሩን የሚያነብ፣ ያልገባውን ማታ መልሶ የሚሰማ ትጉህ ሰው ነው።

በቴፑ ላይ ያለው ድምፅ ከማንኛውም ትምህርት የተለየ አልነበረም። አስተማሪው ያስረዳል፤ ሠልጣኙ ይሰማል። ከዚያ አስተማሪው በመናገር ላይ ሳለ ንግግሩ ተቋረጠ፤ የነፋስ የሚመስል ድምፅ ተከተለ። ዋናው ክንፍ ከተለመደው የሽክርክሪት ሜዳው ወጥቶ የሄሊኮፕተሩን አካል መትቶት ነበር። ሁለቱም ሞቱ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ስብርባሪውን መረመረ፤ ክንፉ ከሜዳው የወጣበትን የመጀመሪያ ምክንያት ግን በእርግጠኝነት ለመናገር አልቻለም። እዚህ ላይ ለአንድ አፍታ ቆም እንበል። ለመርማሪ እጅግ ቀላሉ መንገድ «የአብራሪ ስሕተት» ብሎ ፋይሉን መዝጋት ነበር። የሞቱ ሰዎች አይከራከሩም። ቦርዱ ግን ይህን አላደረገም። ይልቁንም ተመሳሳይ አደጋዎችን ሰብስቦ አንድ ላይ አጠና፤ በአንድ አደጋ የማይታየው በብዙ አደጋዎች ድምር ይታያልና። እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ልዩ ጥናትም፣ መሪው ሲነካ እጅግ ፈጥኖ በሚታዘዝ ቀላል ሄሊኮፕተር ላይ ትልቅና ድንገተኛ የመሪ እንቅስቃሴ ክንፉን ከሜዳው ሊያስወጣ እንደሚችል አመለከተ።

ሐ. እጅ ለምን ይሳሳታል?

የዚህን ነገር አሠራር በአጭሩ ላስረዳ። የአር 22 ክንፎች ሁለት ናቸው። ሁለቱ ክንፎች በምሰሶው ራስ ላይ እንደ ሚዛን ተጋድመው፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። የሄሊኮፕተሩ አካል በምሰሶው ሥር የተንጠለጠለ ነው። ክንፉ ጭነት ተሸክሞ ሳለ አብራሪው ክንፉን ወዳዘነበለበት አቅጣጫ አካሉ ይከተለዋል፤ ገመድ በተወጠረ ጊዜ የተንጠለጠለው ዕቃ እንደሚታዘዝ ማለት ነው።

አሁን አብራሪው መሪውን በድንገት ወደ ፊት ቢገፋ ምን ይሆናል? መኪናው ኮረብታን በፍጥነት እንዳለፈ አውቶቡስ ይቀልላል፤ ተሳፋሪው ሆዱ ባዶ እንደ ሆነ ይሰማዋል። በዚያች ቅጽበት ክንፉ ምንም አልተሸከመም፤ ገመዱ ላልቷል። የጭራው ትንሽ ክንፍ ግን መግፋቱን አላቆመም፤ ስለዚህ አካሉን ወደ ቀኝ ይገለብጠዋል። ሠልጣኙ መኪናው ወደ ቀኝ ሲያጋድል ባየ ጊዜ ተፈጥሮው የሚያዘውን ያደርጋል፤ መሪውን ወደ ግራ ይጥለዋል። ክንፉ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ገመዱ ስለ ላላ ግን አካሉ አይከተልም። የክንፉ ማዕከል ምሰሶውን ይመታል፤ ክንፉም ጭራውን ወይም የአብራሪውን ክፍል ይቈርጣል። ከመጀመሪያው እንቅስቃሴ እስከ መጨረሻው ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው።

ትክክለኛው መድኃኒት መሪውን በቀስታ ወደ ኋላ መሳብ ነው። በቅድሚያ ክንፉ ጭነቱን ይመለስለት፤ ገመዱ ይወጠር፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ግልበጣው ይስተካከላል። ይህ ከተፈጥሮ ስሜት ጋር የሚቃረን ነው። በተለይ በአውሮፕላን የሠለጠነ ሰው እጁ ሌላ ልማድ አለው፤ አደጋ ሲመጣ አፍንጫውን ወደ ታች መግፋት ለዓመታት የተማረው ትምህርት ነው። በአንድ መኪና ሕይወት ያተረፈ ልማድ በሌላው መኪና ሕይወት ያጠፋል።

ከዚህ የምንማረው፣ የሠልጣኝ ስሕተት ሁልጊዜ ከድንቁርና የሚመጣ አለመሆኑን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከጤናማ እጅ፣ ከጤናማ ስሜት ነው። «እንዴት እንዲህ ያደርጋል?» ብሎ መቈጣት ጥቅም የለውም። ጥያቄው «ይህን እንደሚያደርግ እያወቅን ለምን ቦታ ሳንተውለት ቀረን?» የሚል መሆን አለበት።

መ. የአስተማሪው ችግር

የበረራ አስተማሪ ሥራ እጅግ አስቸጋሪ ሥራ ነው። ተማሪው ካልተሳሳተ አይማርም፤ ከተሳሳተ ደግሞ ሁለቱም ሊሞቱ ይችላሉ። አስተማሪው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ መንገድ በየደቂቃው ይለካል። ቶሎ ብሎ መሪውን ከነጠቀ ተማሪው ፈሪ ይሆናል፤ እጁም የራሱ አይሆንም። ከዘገየ ደግሞ ማስተማሩ ሁሉ ከንቱ ነው።

አስቀድሜ እንዳልሁት፣ ትንሹ ሄሊኮፕተር ሞተሩ ሲጠፋ የሚሰጠው ጊዜ ከሁለት ሴኮንድ አይበልጥም። ይህ ጊዜ ለአንድ ሰው እንኳ ጠባብ ነው። በትምህርት በረራ ግን ለሁለት ሰዎች ይካፈላል። ሠልጣኙ ያያል፤ ይወስናል፤ ይሳሳታል። አስተማሪው የሠልጣኙን ስሕተት ያያል፤ ራሱ ያርመው ይሆን ብሎ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይወስናል። አስተማሪው በጠበቀባት በዚያች ቅጽበት ውስጥ የጊዜው ባለቤት ማንም አይደለም።

ይህን በመረዳት የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 ለዚህ ዓይነት ሄሊኮፕተር ልዩ ደንብ አወጣ። በዚያ ደንብ መሠረት ማንኛውም ሰው መሪውን ከመንካቱ በፊት ስለ ክንፉ ሽክርክሪት መውደቅ፣ ስለ ጭነት መቅለልና ስለ ምሰሶ መመታት ትምህርት እንዲሰጠው ታዘዘ። በአር 22 ብቻውን ሊበር የሚፈልግ ተማሪ ከአስተማሪ ጋር ቢያንስ 20 ሰዓት መብረር ነበረበት። ከዚህም ይበልጥ ልብ እንድትሉት የምፈልገው፣ ደንቡ አስተማሪውንም መገደቡን ነው። በአር 22 ለማስተማር በሄሊኮፕተር ቢያንስ 200 ሰዓት፣ ከዚህም ውስጥ 50ውን በዚያው በአር 22 የበረረ መሆን ይገባው ነበር። ሕግ አውጭው የተማሪውን እጅ ለማረም የአስተማሪውን ልምድ ለካ ማለት ነው።

ሌላም ቀላል፣ ነገር ግን ታላቅ ሥርዓት አለ። በትምህርት በረራ ላይ መሪ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው በቃል ነው። አስተማሪው «መሪውን ያዝ» ይላል። ሠልጣኙ «ይዣለሁ» ይላል። አስተማሪው መልሶ «ይዘሃል» ይላል። ሦስት ጊዜ ይባላል፤ ምክንያቱም ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው «እርሱ ይዞታል» ብለው የተቀመጡበት ሄሊኮፕተር መሪውን ማንም ያልያዘው ሄሊኮፕተር ነው። ይህ ሥርዓት አንዲት ሳንቲም አያስወጣም፤ አዲስ መሣሪያም አይጠይቅም። ሆኖም በእኛ ዘንድ እምብዛም አይታወቅም።

ሠ. ከጉድጓዱ አፍ

አሁን የግሌ ነው ወዳልሁት ምክንያት እመጣለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚህች ከተማ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ በአንድ የጥልቅ ጉድጓድ ሥራ ላይ ኀላፊ ነበርሁ። ፓምፑን ወደ ጉድጓዱ የምናወርደው ቧንቧ በቧንቧ ላይ እየቀጠልን ነበር። ሥራውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቧንቧው በፓራንኮ ይንጠለጠላል፤ አንዱ ከወረደ በኋላ በጉድጓዱ አፍ ላይ በማሰሪያ ብረት ተይዞ ይቆማል፤ ፓራንኮው ይላላል፤ የሚቀጥለው ቧንቧ ይጠመዘዛል። ሥራውን እንዲመራ ለአንድ አዲስ ተመራቂ መሐንዲስ ሰጥቼው ነበር። የመጀመሪያ ሥራው ነበር። እኔ በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆሜ እመለከት ነበር።

በስድስተኛው ቧንቧ ላይ የማሰሪያው አንዱ ቡሎን ዳዶው እስከ መጨረሻው እንዳልጠበቀ አየሁ። በግልጥ አየሁት። ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ ነገር ግን «ቆይ፤ ራሱ ይየው፤ ራሱ ካየው አይረሳውም» አልሁ በልቤ። መልካም አስተማሪ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ወጣቱ ፓራንኮው እንዲላላ ምልክት ሰጠ። ማሰሪያው በአንድ ወገን ተከፈተ፤ ቧንቧው ከነፓምፑ ወደ ጉድጓዱ ተንሸራተተ። ማሰሪያውን የያዙት በዕድሜ የገፉ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ሁለት ጣቶቻቸውን አጡ።

ሪፖርቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። በመጨረሻው መስመር ላይ «አደጋው የደረሰው በጀማሪው መሐንዲስ ቸልተኛነት ነው» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁም። ከጻፍሁት ውስጥ ሐሰት የሆነ ቃል አልነበረም። ዳዶውን ማየት የነበረበት እርሱ ነው፤ አላየምም። ነገር ግን ያየ ሰው እንደ ነበረ ሪፖርቱ አልተናገረም።

ከሳምንታት በኋላ ሽማግሌውን ልጠይቃቸው ወደ ቤታቸው ሄድሁ። እንደ አገሩ ወግ ቆጮ ቀረበ፤ ቡና ተፈላ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ልጆቻቸው ተጨዋወትን። ልወጣ ስነሣ እርሳቸውም ተነሡና በቀስታ እንዲህ አሉኝ፤ «ኢንጂነር፣ እርስዎ አይተውት ነበር። እኔ ብረቱን አልነበረም የማየው፤ የእርስዎን ዐይን ነበር። ዐይንዎ ከብረቱ ላይ አልተነሣም፤ ደግሞም ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ደኅና ነው ብዬ አመንሁ።»

የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» ከማለት በቀር ያልሁት የለም። ይቅር አሉኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሪችመንድን ዓይነት ምርመራዎች ማንበብ ጀመርሁ፤ የዚህም ንግግር መነሻ ይኸው ነው። ያ ወጣት መሐንዲስ ዛሬ የራሱን ሥራ ይመራል። ይህን በእናንተ ፊት እንድናገር ጠይቄው ፈቅዶልኛል። ስለ ሆነም በጽሑፍ ያጎደልሁትን በቃል እሞላለሁ፤ በዚያ ቀን መሪውን የያዝሁት እኔ ነበርሁ።

ረ. ምን እናድርግ?

ወዳጆቼ፤ ስለ አደጋ ምርመራ የሚናገረው የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት 13ኛ አባሪ፣ የምርመራ ብቸኛ ዓላማ አደጋ እንዳይደገም ማድረግ ነው እንጂ በደለኛን መለየት ወይም ተጠያቂ ማድረግ አይደለም ይላል። ድርጅቱ በተመሠረተበት እ.ኤ.አ. በ1944ቱ የቺካጎ ጉባኤ ላይ አገራችንም ነበረች፤ ስለዚህ ሐሳቡ ለእኛ ባዕድ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ባለቁበት አደጋ ጊዜም ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ ለመቀሰር የቸኰሉ ነበሩ። ከ4 ወር ገደማ በፊት በኢንዶኔዥያ በተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰዎች በሞቱ ጊዜም እንዲሁ ተብሎ ነበር። ኋላ ግን አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው መሣሪያ በአንድ ጠቋሚ ብቻ ተማምኖ እንዲሠራ የተነደፈ መሆኑ ተገለጠ። ሙታኑን የሚከሰው የሪፖርት መስመር ቀድሞ ቢታመን ኖሮ የንድፉ ጉድለት ባልታየም ነበር።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለማኅበራችን አባላት አራት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ጀማሪን የምናሠለጥነው ሰፊ ትርፍ ባለበት ቦታ ይሁን። በባሕር ጠረፍ የተማረ አብራሪ ወደ ደጋው ሲመጣ በቅድሚያ ጭነቱ እንዲቀንስለት፣ ሰዓቱም ጠዋት እንዲሆንለት ግድ እንደሚል ሁሉ፣ አዲስ ተመራቂም በመጀመሪያ የሚሠራው ስሕተት የሰው አካል በማይከፈልበት ሥራ ላይ ሊሆን ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት አስተማሪው የማይታለፈውን መስመር ለራሱ ይወስን። «እስከዚህ ዝም እላለሁ፤ ከዚህ ካለፈ እናገራለሁ» የሚለው ውሳኔ በደጅ፣ በጠረጴዛ ላይ የሚወሰን ነው። በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ፣ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚወሰን አይደለም። የሰው አካል ከጭነት ሥር ወይም ከብረት አጠገብ ባለበት ጊዜ ደግሞ መስመሩ አንድ ብቻ ነው፤ ያየ ይናገር።

ሦስተኛ፣ መሪ ሲተላለፍ በቃል ይተላለፍ። በሥራ ቦታዎቻችን ኀላፊው ለጀማሪው ሥራን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በዝምታ ነው፤ ጀማሪው «ኀላፊው እዚህ ስላለ እርሱ ያየዋል» ይላል፤ ኀላፊው «ለእርሱ ሰጥቼዋለሁ» ይላል፤ ሠራተኛው ደግሞ የሁለቱንም ዐይን እያየ እጁን ከብረቱ ሥር ያስገባል። «ያዝ፤ ይዣለሁ፤ ይዘሃል» የሚሉትን ሦስት ቃላት ከአብራሪዎቹ እንዋስ።

አራተኛ፣ ሪፖርታችን የሳተውን ብቻ ሳይሆን ያየውንም ይመዝግብ። በየሪፖርቱ መጨረሻ «ይህን አስቀድሞ ያየ ወይም ሊያይ የሚችል ማን ነበር? ለምንስ አልተናገረም?» የሚል አንድ ጥያቄ እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ። ጥያቄው ለቅጣት አይሁን። ለቅጣት ከሆነ ሁሉም «አላየሁም» ይላል፤ ያን ጊዜ ከአደጋው የምንማረው ነገር አይኖርም።

የሪችመንዱን ሠልጣኝ አሁንም አስበዋለሁ። ቴፑን የቀዳው ማታ ለመስማት ነበረ ብዬ እገምታለሁ። እርሱ አልሰማውም፤ ሌሎች ግን ሰሙት፤ ከሰሙትም የተነሣ ሌሎች ተማሪዎች በተሻለ ደንብ ተማሩ። እኛም በየሥራችን የምንቀዳው፣ የምንጽፈው ነገር አለ። የምንጽፈው ነገር ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ሠልጣኝ የሚጠቅመው እውነቱ ሙሉ ሲሆን ብቻ ነው።